«ስፒከሬ ነው ወይስ አልበሙ?» ስለ አንድ የጃዝ ትሪዮ የመጨረሻ ሥራ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው አቶቴ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለው። አንዳንድ ማታ በሩን ከዘጋ በኋላ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሙዚቃ ያሰማቸዋል። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፦

«የስዊድኑን የኤስብዮርን ስቬንሰን ትሪዮ የመጨረሻ አልበም፣ ሉኮሳይትን፣ በብሉቱዝ ስፒከር ለጓደኞቼ ከፈትኩላቸው። ከመክፈቴ በፊት ፒያኖ ተጫዋቹ ውሃ ውስጥ እንደሞተ ነገርኳቸው። አንዷ አለቀሰች። ሁለቱ ገና ሳይጋመስ ተነስተው ወጡ። አንዱ ደግሞ ‹ይሄ ጄኔሬተር ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም› ብሎ ሳቀብኝ። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። መብራት የሄደ መስሎት ቆጣሪ ሊያይ የወጣ ሰው ሁሉ ነበር። ሰውዬው ሞቱን አውቆ ነው የቀዳው የሚባለው እውነት ነው? ፋይሉ ነው የተበላሸው ወይስ ስፒከሬ? ወይስ ጓደኞቼ ጃዝ አይገባቸውም? ደግሜ ላሰማቸው ወይስ ልተወው? አዲስ ስፒከር መግዛት ካለብኝም ይንገሩኝ።»

ፋይልህ ደህና ነው። ድምፁ የጠፋው ሆን ተብሎ ነው። ሰውዬው ሞቱን አውቆ አልቀዳም። ጓደኞችህም የወጡት ጃዝ ስለማይገባቸው አይደለም። ስፒከሩ ግን ጥፋት አለበት። አንተም ትንሽ አለህበት።

ከሞቱ ወሬ ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ ጆሮ የሚያበላሸው እሱ ነው። ትሪዮው፣ ማለትም የሦስት ሰው ባንዱ፣ ይህን ሙዚቃ የቀዳው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ነው። ለኮንሰርት ዙር አውስትራሊያ ነበሩ። በመሀል ክፍት ቀን ሲያገኙ ሲድኒ የሚገኘውን ስቱዲዮ 301 ለሁለት ቀን ያዙና ዝም ብለው ተጫወቱ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ተቀዳ። ፒያኖ ተጫዋቹ ስቬንሰን ያረፈው ጁን 14 ቀን 2008 ነው። በመሀሉ አንድ ዓመት ከአምስት ወር አለ። ሞቱም ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ስቶክሆልም አቅራቢያ የአየር ጋን አዝሎ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ሳለ የደረሰ። 44 ዓመቱ ነበር። አልበሙ ገበያ ላይ የዋለው ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሰማው መርዶውን ነው፤ ሙዚቃው ተከትሎ መጣ። «አውቆት ነበር» የሚለው ወሬ የተወለደው ከዚህ ቅደም ተከተል ነው።

«ርዕሶቹስ?» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው፣ ያስደነግጣሉ። አንዱ ትልቅ ክፍል «አስቀድሞ የመጣ ስሜት» እንደማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ባለ አራት ክፍል ሥራ ደግሞ በላቲን ከ«መጀመሪያ» ተነስቶ፣ በ«ሞት» በኩል አድርጎ፣ «መጨረሻ ወደሌለው» ይሄዳል። ግን እነዚሁ ሰዎች በ1993 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ርዕስ ወደኛ ሲመለስ «ሁሉም ሰው ሲሄድ» ነው። የ2005ቱን አልበም የሰየሙት በካቶሊክ ሥርዓት ሊሞት ላለ ሰው በሚሰጠው የመጨረሻ ቁርባን ስም ነው። ያኔ የሞተ ሰው አልነበረምና ማንም ትንቢት አላለውም። ጨለም ያለ ርዕስ ይወዱ ነበር፣ በቃ። ሉኮሳይት ራሱ ነጭ የደም ሴል ነው፤ ገላችንን ከበሽታ የሚከላከለው። ከኑዛዜ ጋር ምን አገናኘው?

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2022 ስቬንሰን ብቻውን የተጫወተው የፒያኖ አልበም ወጣ። እቤቱ ቀድቶት በኮምፒውተሩ ማስቀመጫ ላይ ቀርቶ ነበር። ያገኘችው ባለቤቱ ናት። የተቀዳው በ2008 የጸደይ ወራት፣ ከመሞቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ሞቱ የታወቀው ሰው ቢሆን ኖሮ ጭንቀቱን እዚያ ላይ እንሰማው ነበር። አንሰማውም። ሙዚቃው የረጋ ነው፣ ዜማው ጥርት ያለ፣ አንዳንዴም የጀርመኑ የክላሲክ አቀናባሪ የባክ ልምምድ የሚመስል። ያ የጄኔሬተር ድምፅ የመጣው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሦስት ጤነኛ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው እንደልባቸው በተጫወቱበት ጊዜ ነው።

«የመጨረሻ» የምትለዋንም በጥንቃቄ ያዛት። በ2012 «301» የሚባል አልበም ወጥቷል፤ ከዚያው ከሲድኒው ቅጂ የተረፈው ነው። የመረጡት በሕይወት የቀሩት ሁለቱ፣ ባስ ተጫዋቹ ዳን ቤርግሉንድና ከበሮ መቺው ማግኑስ ኦስትሮም ናቸው። ሦስቱም በሕይወት እያሉ ያለቀው የመጨረሻ ሥራ ግን ሉኮሳይት ነው። በዚህ ስሜት «የመጨረሻ» ብትለው አልተሳሳትክም።

አሁን ወደ ጓደኞችህ። የተሰማቸው የተለያየ ነገር እንግዳ አይደለም። አልበሙ ሲወጣ አውሮፓ ውስጥም እንዲሁ ነው የሆነው። ምክንያቱን ለማወቅ ከዚያ በፊት ምን ይጫወቱ እንደነበር ማወቅ አለብህ። ስቬንሰንና ኦስትሮም ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። ቤርግሉንድ ተጨምሮ ትሪዮው የተመሠረተው በ1993 ነው። የታወቁት በአጫጭር፣ ሰው በሚያንጎራጉራቸው ዜማዎች ነበር። መድረካቸው ላይ መብራትና ጭስ አለ፣ እንደ ሮክ ባንድ። ጃዝ ሰምቶ የማያውቅ ወጣት አዳራሹን ይሞላላቸው ነበር። በ2006 ዳውንቢት የተባለው የአሜሪካ የጃዝ መጽሔት ፊት ገጹ ላይ አወጣቸው፤ ለአውሮፓ ባንድ የመጀመሪያው ነው። ታዲያ ያን ዜማ የለመደ ሰው ሉኮሳይትን ሲከፍት ምን ያገኛል? ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማያልፍ ብቸኛ ፒያኖ። ከዚያ ወደ 17 ደቂቃ የሚጠጋ አንድ ጉዞ። ዜማው ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፤ አይመጣም። ግማሹ «እነዚህ የኛ ልጆች አይደሉም» አለ። ግማሹ «አሁን ገና ነፃ ወጡ» አለ። ሁለቱም የሰሙት ነገር እውነት ነው። የተጣሉት በሚጠብቁት ላይ ነው።

ያለቀሰችው ልጅ ያለቀሰችው በሙዚቃው ነው ብለህ አትደምድም። አንተ ውሃ ውስጥ ስለሞተ ሰው አወራሃት። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው፣ ያውም የሐዋሳ ልጅ፣ ውሃ ሰው ሲወስድ የሰማው ታሪክ አያጣም። ከዚያ በኋላ ምንም ብትከፍት ታለቅስ ነበር። ልቅሶዋ ልክ ነው፤ ስለ አልበሙ ግን ብዙ አይነግርህም። ወጥተው የሄዱትም ጆሯቸው ጤነኛ ነው። አልበሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው። ማታ ከሥራ በኋላ፣ ሳይነገራቸው፣ ከመሀል መቋረጥ በሌለበት ተቀምጠው ይሰሙታል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

እኔ ከሁሉም የወደድኩት ጄኔሬተር ያለውን ልጅ ነው። ለማሾፍ ብሎ ይሁን እንጂ እዚያ ያለውን ድምፅ በትክክል የሰማው እሱ ነው። የማያቋርጥ ንዝረት አለ፣ ኤሌክትሪክ አለ፣ ማሽን የሚመስል ድግግሞሽ አለ። ቤርግሉንድ ትልቁን ባስ በጣት ብቻ አይጫወትም። ቀስት ያነሳና ድምፁን እንደ ሮክ ጊታር በሚያሻክር ፔዳል ያሳልፈዋል። ስቬንሰንም የፒያኖውን ክሮች በዕቃ እየነካ፣ ድምፁን በኤሌክትሮኒክስ እያሳለፈ ይለውጠዋል። ፒያኖ የማይመስል ነገር ስትሰማ እሱ ፒያኖ ነው ማለት ነው። ለዚያ ልጅ ደግሞ በገናን አስታውሰው። በገና ላይ በክሩና በድልድዩ መሀል የሚገባ ቁራጭ ቆዳ አለ፣ እንዝራ ይባላል። ሥራው አንድ ነው፤ ድምፁ እንዲነዝር ማድረግ። አውጥተህ ብትጥለው በገናው ጥርት ይላል፣ ግን በገና መሆኑ ይቀራል። የሁዳዴ ጾም በገና ሰምቶ «መሣሪያው ተበላሽቷል» የሚል ሰው የለም። የቤርግሉንድ ሻካራ ባስም በዚያው ዓይን ነው መታየት ያለበት። መንዘሩ የተፈለገ ነው።

ዝምታውም እንዲሁ። የባለ አራት ክፍሉ ሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ደቂቃ ዝምታ ነው። የራሱ ርዕስ ያለው፣ ተቆርጦ የተቀመጠ አንድ ደቂቃ። ከፊቱ ከባድ ጩኸት አለ፣ ከኋላው 13 ደቂቃ ያህል የሚሄደው የ«ሞት» ክፍል አለ። ጆሮ በመሀል እንዲያርፍ፣ ወይም እንዲጨነቅ፣ የተተወ ቦታ ነው። ድምፅ ሲጠፋ መጀመሪያ የምናስበው መብራት ኃይልን ስለሆነ ቆጣሪ ሊያይ የወጣውን ሰው አልፈርድበትም። እዚህ ላይ ግን ሁለት ጥንቃቄ ያዝ። አንዳንድ የስልክ ማጫወቻ አንዱን ትራክ ከሌላው ጋር የሚያደባልቅ ወይም ዝምታን የሚዘል ማስተካከያ አለው፤ አጥፋው። በነፃ መተግበሪያ የምታሰማ ከሆነ ደግሞ በትራክና በትራክ መሀል የሳሙና ማስታወቂያ ሊገባብህ ይችላል። ያን ቀን በቃ አለቀልህ።

ስፒከሩ ላይ ልቆይ፤ ግማሹ ችግር እሱ ነው። ባስ የሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። በእጅ የሚያዝ ብሉቱዝ ስፒከር ያን ያህል ወርዶ ማውጣት አይችልም። ውስጡ ያለችው ክብ ነገር ትንሽ ናት፣ የምትገፋው አየርም ትንሽ ነው። ስለዚህ ባሱ በንጹሕ ሲጫወት ከስፒከርህ ብዙም አይሰማም። በፔዳል ሲሻክር ግን ከላይ ብዙ ተጨማሪ ድምፅ ይወልዳል፤ ያ ከትንሽ ስፒከርም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ውጤቱን አስበው። ጓደኞችህ የባሱን ገላ ሳይሰሙ ሽካራውን ብቻ ሰሙ። እንዲህ ሲሆን ጄኔሬተር ቢሉት ምን ይገርማል?

ሁለተኛው ወጥመድ ቮሊዩም ነው። አልበሙ የሚጀምረው በለሆሳስ ነው። ሰው «አይሰማም፣ ጨምረው» ይላል። ትጨምራለህ። ከዚያ ከባዱ ሲመጣ ትንሿ ስፒከር ከአቅሟ በላይ ትሆንና የራሷን መሰንጠቅ ትጨምርበታለች። አሁን ሁለት ዓይነት ሽካራ አለህ፤ አንዱ የሙዚቀኞቹ፣ አንዱ የስፒከሩ። መለየቱ ቀላል ነው። ከባዱን ቦታ ፈልገህ ድምፁን በጣም ቀንሰህ ስማው። ቀንሰህም ሽካራው ካለ አልበሙ ውስጥ ያለ ነው። ስትቀንስ ከጠፋ የስፒከሩ ነበር። ባለ ገመድ ኢርፎን ካለህ በእሱም አመሳክር። ስለ ፋይሉ ደግሞ፣ በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ቆይቶ የደረሰህ ከሆነ ተጨምቆ ጥራቱ የወረደ ሊሆን ይችላል። የከበሮው ሳህን ድምፅ እንደ ውሃ ከተንሿሿብህ ያ ምልክቱ ነው። የተሻለ ቅጂ ፈልግ።

«ጃዝ አይገባቸውም» ወደምትለው ልምጣ። ይህን አባባል ከአፍህ አጥፋው፤ ስብሰባህን የሚበትነው እሱ ነው። የኛ ጆሮ በቅኝት ያደገ ነው። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ ሰው ቤቱን ያውቃል፤ ዜማው ወጥቶ ወዴት እንደሚመለስ ይጠብቃል። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ይህን አላፈረሰም። ዋናው ዜማ ይመጣል፣ ሶሎ ይከተላል፣ ዜማው ይመለሳል፣ ምቱም ከሥር ቆሞ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ሙላቱን የሚወድ ሰው ሉኮሳይትን ወዲያው ይወዳል ማለት አይደለም። እንዲያውም ሊከብደው ይችላል፣ የሚጠብቀው መመለስ ስለማይመጣ። ለእነሱ የተሻለው በር የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እሳቸው ብቻቸውን ነው የተጫወቱት፣ ከበሮ የለም፤ ጊዜውን እንደፈለጉ ጎትተውታል፣ አሳጥረውታል። ቅኝቱ ግን የኛው ነው። ጆሮ ያለ ምት መሄድን እዚያ ከለመደ በኋላ ስዊድኖቹ ጋር ሲደርስ አይደነግጥም።

እንግዲህ ደግመህ አሰማ። አካሄዱን ግን ቀይር። በአንድ ማታ አልበሙን ሙሉውን አትክፈት። መጀመሪያ የእማሆይን አንድ ሁለት ሥራ። ቀጥለህ ከትሪዮው የ1999 አልበም፣ በጠፈርተኛው በጋጋሪን ስም ከተሰየመው፣ የርዕሱን ዜማ አሰማቸው፤ ሰዎቹ ዜማ መሥራት ያቅታቸዋል የሚል ጥርጣሬ እዚያው ያበቃል። ከዚያ ሉኮሳይትን ከመጀመሪያው ክፈትና የ17 ደቂቃው ክፍል ሲያልቅ አቁም። ያ ብቻ ለአንድ ማታ ይበቃል። አስቀድመህ የምትነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ «ዜማ አትጠብቁ፣ ባሱን ተከተሉ።» ባሱን የያዘ ሰው አይጠፋም። ፒያኖው ቀስ በቀስ እላዩ ላይ ሲከመር፣ ከበሮው ሲጠብቅ ይሰማዋል። ባለ አራት ክፍሉን ሥራ፣ ከነዝምታው፣ ለሚቀጥለው ማታ አቆየው።

የሞቱን ነገር ከሰሙ በኋላ ንገራቸው። መደበቅ አያስፈልግም፤ ማወቅ መብታቸው ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ለውጥ ያመጣል። ታሪኩ ከቀደመ ሁሉም የለቅሶ ሰው ሆኖ ይሰማል፣ ስቆ የሚወጣውም ነውረኛ ይመስላል። ሙዚቃው ከቀደመ ግን እያንዳንዱ በራሱ ጆሮ የያዘው ነገር ይኖረዋል። ከዚያ የሞቱን ወሬ ሲሰማ ሐሳቡን ቢለውጥ ይለውጥ፣ ባይለውጥም ይሁን። ሁለቱም መንገድ ይጠቅምሃል፣ ወሬው የሚደምቀውም ያኔ ነው። የማይወድ ሰው ደግሞ ይኖራል። ተወው። ይህ አልበም ከወጣ ጀምሮ የማይወዱት ጥሩ ጥሩ አድማጮች አሉት። ማሳመን የአንተ ሥራ አይደለም።

ቀን ቀን ካፌ ውስጥ እንዳታስበው። ሰው ማኪያቶውን ይዞ ሲያወራ ለስላሳው ቦታ አይሰማም፣ ከባዱ ደግሞ ወሬውን ያቋርጣል። ደንበኛህ ይሸሻል። ለቀኑ እማሆይም ሙላቱም ይበቁሃል።

አዲስ ስፒከር አትግዛ፤ ቢያንስ አሁን። መጀመሪያ ባለ ገመድ ሁለት ስፒከርና ማጉያ ካለው ሰው ተዋስ፤ በየቤቱ አቧራ የጠጣ ቴፕ መቼም አይጠፋም። ሁለቱን ራቅ ራቅ አድርገህ፣ ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተህ አስቀምጥ። ግድግዳው ባሱን ያግዝልሃል። ቮሊዩሙን በመክፈቻው ፒያኖ ሳይሆን በከባዱ ቦታ ለካ። ከተለካ በኋላ ማንም አይንካው፤ መጀመሪያው ላይ ቀነሰ ቢሉህም እንቢ በል። በጎረቤት ምክንያት የማይቻል ሰዓት ከሆነ በኢርፎን ለየብቻ ይስሙት እንጂ ወደ ትንሿ ስፒከር አትመለስ። እንዲህ ሞክረህ ከወደዳችሁት ያን ጊዜ ስለ ግዢ እናውራ። ስልክህን ደግሞ ከመክፈትህ በፊት ፍላይት ሞድ ላይ አድርገው። በኢንተርኔት የምታሰማ ከሆነ አስቀድመህ አውርደው። አለበለዚያ የሚደወለው ልክ ያቺ የዝምታ ደቂቃ ላይ ነው።